የተማሪው መጽሐፍ ይቀድማል

ኤቢሴ ሄቨንን የጠላቻት ልጅቷ ቢሮ በገባች በሁለተኛው ሳምንት ነው። ጠላቻት ስላችሁ ደግሞ ሄቨን ክፉ እንዳትመስላችሁ። ክፉ ብትሆንማ ግልግል ነበር! ክፉን ሰው ጠልቶ ተኝቶ ማደር ይቻላል። የሄቨን ጥፋት ሌላ ነው፤ ኤቢሴ ስንት ዓመት የተከበረችበትን ሥራ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከንቱ አደረገችው። ይሄን የሚችል ካለ እስቲ ይምጣና ያስተምረን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጦር ኃይሎች፣ የባቡሩ መጨረሻ ፌርማታ አጠገብ፣ ከአንድ ኮፒ ቤት በላይ የጋሽ ፈቀደ የመጻሕፍት ማዘጋጃ ቢሮ አለ። ጋሽ ፈቀደ ድሮ የባንክ ሠራተኛ ነበሩ፤ ጡረታ ሲወጡ ለግል ትምህርት ቤቶች አጋዥ የሒሳብ መጽሐፍ ማሳተም ጀመሩ። ለየክፍሉ የሚያወጡት ሁለት ሁለት ነው፤ አንዱ የተማሪው መጽሐፍ፣ አንዱ የመምህሩ መምሪያ። ሁለቱ እንደ መንታ ናቸው። ትምህርቱ ያው፣ ጥያቄው ያው፤ መምሪያው ላይ መልስና ማብራሪያ ይጨመርበታል፣ በየቦታውም «የተማሪው መጽሐፍ ገጽ ይህን ያህል፣ ትምህርት ይህን ያህል ተመልከት» እያለ መምህሩን ወደዚያኛው ይልከዋል።

መከራውም እዚህ ላይ ነበር። ደራሲው የተማሪው መጽሐፍ ላይ አንዲት ሥዕል ከጨመረ ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ ሁሉ ይገፋል። ገጹ ሲገፋ መምሪያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ሁሉ ውሸት ይሆናል። ያን ውሸት እየለቀመች የምታርመው ኤቢሴ ነበረች። ከተጻፈው ፋይል የሚታተመው መጽሐፍ የሚሰናዳበትን፣ ላቴክ የሚባለውን ፕሮግራም፣ ድሮ ታች ኮፒ ቤት የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ ስትተይብ ማንም ሳያሳያት በራሷ የለመደችው ናት። ሁለቱን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘርግታ፣ ቀይ እስክሪብቶ ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ፣ እያንዳንዱን ቁጥር በጣቷ ትከተል ነበር። ሳምንት ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ዓይኗ ይቀላል፣ ወገቧ ይቆረጣል። ግን ጋሽ ፈቀደ እንግዳ ሲመጣባቸው በራፉ ላይ ቆመው «ይቺን አያችኋት? ኤቢሴ ማለት ቁጥር አይስታትም!» ይላሉ። ይቺን ለመስማት ወገብ ቢቆረጥስ ምን አለበት?

ሄቨን ስትመጣ የተማሪው መጽሐፍ ለኤቢሴ ቀርቶ መምሪያው ለእሷ ተሰጠ። ከዩኒቨርሲቲ ገና የወጣች፣ ከቆሼ ማዶ ከእናቷ ጋር የምትኖር፣ ቀልዱ ሳያልቅ ቀድማ የምትስቅ ልጅ ናት። አንድ ቀን ወንበሯን ጎተት አድርጋ መጣችና፣

«እትዬ ኤቢሴ፣ ይቅርታ፣ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ በእጅዎ ነው እንዴ የሚጽፏቸው?» አለቻት።

«በእግሬ ልጻፋቸው?»

ሄቨን ሳቀች። ይሄ ሳቋ! ሰው ሲሰድባት አይገባትም፤ ወይም ይገባትና ይቅር ትላለች፤ ከሁለቱ የትኛው የበለጠ እንደሚያናድዳት ኤቢሴ ራሷም አታውቅም። «እትዬ» እና «እርስዎ» የሚሉት ነገር ደግሞ አለ። ኤቢሴ ገና ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሰፈሯ ሳንሱሲ እስከ ዛሬ ድረስ «የኔ ቆንጆ፣ ግቢ!» የሚሏት ወያላዎች አሉ። ይቺ ልጅ ግን አፏን በከፈተች ቁጥር ጡረታ ታስወጣታለች።

«አይ፣ ማለቴ፣ ስም ብንሰጣቸውስ?» ቀጠለች ሄቨን። «እርስዎ መጽሐፍ ላይ ያለው ትምህርት ሁሉ አንድ አንድ ስም ይኑረው። የወለዱ ትምህርት ‹ወለድ›፣ የክቡ ‹ክብ›። እኔ መምሪያው ላይ ቁጥር አልጽፍም፤ ስሙን ብቻ እጠራለሁ። ኮምፒውተሩ ራሱ የእርስዎን መጽሐፍ አይቶ ቁጥሩን ያመጣልኛል። ጥያቄዎቹንም አንድ የጋራ ፋይል ውስጥ እናድርጋቸውና ሁለቱም መጽሐፍ ከዚያው ያንብብ። አንዴ ከታረመ ሁለቱም ጋ ታረመ ማለት ነው።»

«ገጹ ሲገፋስ?»

«ይገፋ! ቁጥሩም አብሮ ይቀየራል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ የተማሪው መጽሐፍ ይቀድማል። መጀመሪያ የእርስዎ ተሰናድቶ ቁጥሩን ማወቅ አለበት፤ ከዚያ የእኔ ከእርስዎ ይወስዳል። የእርስዎ ካልቀደመ የእኔ አሮጌውን ቁጥር ይዞ ይቀራል።»

ጋሽ ፈቀደ ሊያዩ መጡ። ኤቢሴ መጽሐፏ ላይ አንድ ትልቅ ሥዕል ጨመረች፤ ገጹ ሁሉ ተገፋ። መጽሐፏን አሰናዳች። ቀጥሎ ሄቨን መምሪያውን አሰናዳች። ጋሽ ፈቀደ የያዙት ሻይ ሳይበርድ የመምሪያው ቁጥር ሁሉ ልክ ሆኖ ተገኘ።

«ሄቨንዬ!» ብለው ጮኹ፤ ብርጭቆውን አስቀምጠው አጨበጨቡ። «አንቺን እግዜር ከየት ነው ያመጣልኝ!»

ሄቨንዬ! ኤቢሴ ያን ሁሉ ዓመት ሠርታላቸው «ኤቢስዬ» ተብላ አታውቅም። ቀይ እስክሪብቶውን ከፀጉሯ መዝዛ መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው። ከሁሉ ከሁሉ የሚያንገበግባት ደግሞ ነገሩ ጥሩ መሆኑ ነው። መጥፎ ቢሆን ኖሮ ታጣጥለው ነበር። ግን ጥሩ ነው፣ ያምራል፣ እሷ ራሷ ለምን አላሰበችውም? ይሄን ጥያቄ ታክሲ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ባኞ ቤት ገላዋን ስትታጠብ ሳይቀር ይዛው ዞረች። «ቁጥር አይስታትም» የሚለውን ከዚያ ወዲያ ማንም አላለም። አሁን ማን ይሳሳትና!

ከዚያ በኋላ የሆነችውን ብነግራችሁ ትስቁባታላችሁ። ሄቨን አዲስ ጫማ ካደረገች ኤቢሴ የራሷን እግር ጠረጴዛ ሥር ትደብቃለች። ጋሽ ፈቀደ ሄቨንን «ምሳ በላሽ?» ካሉ፣ እኔን ጠይቀውኛል ወይስ አልጠየቁኝም እያለች ከሰዓቱን በሙሉ ስትብሰለሰል ትውላለች። ሻይ የምታመጣው ሴት ለሄቨን ስኳር ጨመር ስታደርግላት አይታ፣ የራሷን ሻይ ሳትጠጣ አስመለሰችው። ልጅቷ ደግሞ ምንም አታውቅም። «እትዬ ኤቢሴ፣ መስኮቱ ቀዘቀዘብዎት እንዴ፣ ልዝጋልዎት?» ትላለች። ዝጊው፣ አፍሽንም ጨምረሽ፣ ይላል የኤቢሴ ሆድ። አፏ ግን «ተይው» ይላል።

በዚህ መሐል ወሬ መጣ። ከመጪው ዓመት ጀምሮ የሳይንስ መጻሕፍትም ሊጨመሩ ነው፤ ሥራውን ሁሉ የሚመራ አንድ ኃላፊ ይሾማል። ኤቢሴ እዚያ ወንበር ላይ በልቧ ከተቀመጠች ቆይታለች። ቢሮው አንድ ጠረጴዛና አንድ አሮጌ ኮምፒውተር በነበረበት ጊዜ የነበረችው እሷ ናት። መብራት ሲጠፋ በስልክ መብራት እርማት ያረመችው እሷ ናት። ከእሷ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ጋሽ ፈቀደ ግን እንደ ድሮው ወደ እሷ አልተመለከቱም።

«አርብ ወይዘሮ ዘነበወርቅ ይመጣሉ» አሉ። ወይዘሮ ዘነበወርቅ የአንድ ትልቅ የግል ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናቸው፤ እሳቸው ያልወደዱትን መጽሐፍ ጋሽ ፈቀደ አያሳትሙም። «ሁለቱን መጽሐፍ ይዩልን። ኃላፊውንም ያን ቀን እነግራችኋለሁ።»

ይህን ባሉ በማግስቱ ሄቨንን ብቻዋን ወደ ክፍላቸው ጠሯት። በሩ ተዘጋ። የጋሽ ፈቀደ በር እኮ አይዘጋም! የእናታቸው መርዶ የመጣ ቀን ተዘግቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ኤቢሴ ተዘግቶ አይታው አታውቅም። ጆሮዋን አቁማ ብታዳምጥ የሚሰማው ሳቅ ብቻ ነው። ሄቨን ስትወጣ ፊቷ በርቷል፤ ከኤቢሴ ጋር ዓይን ለዓይን ሲጋጩ አንገቷን ደፋች። በቃ፣ አለቀ። ኤቢሴ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለጋትም።

ከሥራ ስትገባ ለታናሽ እህቷ ለሌሊሴ አንድ በአንድ ነገረቻት። ሌሊሴ ሳንሱሲ ፀጉር ቤት አላት፤ የሰው ሆድ ውስጥ ያለውን በፀጉሩ በኩል ማውጣት ታውቅበታለች።

«ግን ልጅቷ ምን አደረገችሽ?» አለቻት ሌሊሴ፣ የኤቢሴን ሹሩባ እየፈታች።

«እርስዎ ትለኛለች።»

«ሌላስ?»

«ትስቃለች።»

«ሌላስ?»

ኤቢሴ እጇን ወደ ሻርፗ ዘረጋች። ሌሊሴ በቤታቸው ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ አንዲት ቃል ብቻ ተናገረች፤ «ሂናፋ» አለች። ቅናት ማለቷ ነው። በአማርኛ ብትላት ኖሮ ኤቢሴ እስኪመሽ ትከራከራት ነበር። ግን እናታቸው በልጅነታቸው በአንድ ቀሚስ ሲጣሉ የምትቆጣቸው በዚያ ቃል ስለነበር አፏን ያዛት። ሹሩባዋ በግማሽ እንደተፈታ ሻርፗን ጠምጥማ ወጣች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሄቨን ለጉዳይ ቀደም ብላ መውጣት ነበረባት። ቦርሳዋን አንግታ፣ «እትዬ ኤቢሴ፣ የመጨረሻውን እርማት ሲጨርሱ የእኔንም አብረው አሰናድተው ወደ ኮፒ ቤቱ ይልኩልኛል? ነገ ለወይዘሮ ዘነበወርቅ ታትሞ መድረስ አለበት» አለች።

«እልክልሻለሁ።»

«ተባረኩልኝ!» ብላ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች።

ኤቢሴ መጽሐፏን ከፈተች። እርማቷን ጨረሰች። ከዚያ እጇ ቆመ። ዓይኗ ስሞቹ ላይ ነው። ከእነዚህ ስሞች አንዱን ብታጠፋው መምሪያው ላይ በቁጥሩ ቦታ ሁለት የጥያቄ ምልክት ይወጣል፤ ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል። ሁለቱን ብታቀያይራቸውስ? ኮምፒውተሩ ምንም አይልም። ስም ተጠራ፣ ቁጥር መጣ፤ ለእሱ ሁሉ ሰላም ነው። የወለዱ ትምህርት ላይ «ክብ» የሚለውን፣ የክቡ ላይ «ወለድ» የሚለውን ብታደርግ፣ መምሪያው ወለድ የሚፈልገውን መምህር ወስዶ ክብ ላይ ይጥለዋል። በእሷ መጽሐፍ ውስጥ እነዚህን ሁለት ስሞች የሚጠራ የለም፤ ስለዚህ የእሷ አንዲት ፊደል እንኳ አትዛነፍም። ጉዱ የሚወጣው ሄቨን ጋ ነው።

ወለድን የመረጠችው ዝም ብላ አይደለም። ጋሽ ፈቀደ ባንክ ቤት ያረጁ ሰው ናቸው፤ እንግዳ ሲመጣ ከመጽሐፉ ሁሉ መጀመሪያ የሚያሳዩት የወለዱን ትምህርት ነው። ይሄን ከኤቢሴ በላይ የሚያውቅ የለም።

«መጽሐፉ የራሴ አይደል?» አለች ለራሷ። «በራሴ መጽሐፍ ስም የመቀየር መብት የለኝም?» መብቱ አላት፣ ማን ከለከላት። እጇን ግን ከመተየቢያው አነሣች። ልትተወው ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ልትተወው ነበር። ከዚያ «ሄቨንዬ!» የሚለው ጩኸት ጆሮዋ ላይ መጣ። የተዘጋው በር መጣ፣ ከበሩ ጀርባ የነበረው ሳቅ መጣ። ሁለቱን ስሞች አቀያየረቻቸው። የተማሪውን መጽሐፍ አሰናዳች፣ ቀጥላ መምሪያውን፣ ሕጉን ጠብቃ። ሁለቱንም ወደ ኮፒ ቤት ላከች። ወደ ሳንሱሲ ስትሄድ ወያላው ሒሳብ ሲጠይቃት እንደ ሌባ ደነገጠች።

አርብ ወይዘሮ ዘነበወርቅ መጡ። ጋሽ ፈቀደ ከረባት አድርገዋል። ኤቢሴና ሄቨን ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ሄቨን በጉጉት እግሯን ታወዛውዛለች፣ ኤቢሴ እጇን ጭኗ መሐል ቀብራለች። ጋሽ ፈቀደ ሁለቱን መጽሐፍ እንደ ሙሽራ ልብስ በሁለት እጃቸው አቀረቡና፣

«ወለዱን ያውጡልኝ!» አሉ። «መምሪያው ላይ ወለድን ያውጡና የሚልክዎት ቦታ ይሂዱ። ልጆቼ የሠሩትን ተአምር ያያሉ።»

ወይዘሮ ዘነበወርቅ መነጽራቸውን አስተካክለው መምሪያውን ገለጡ፣ ቁጥሩን አነበቡ፣ የተማሪውን መጽሐፍ አንሥተው ገለጡ። ተመልሰው መምሪያውን አዩ።

«አቶ ፈቀደ፣ እኔ ወለድ ፈልጌ መጥቼ ክብ ላይ ነኝ።»

«የት?»

«ይኸውልዎ፣ የክብ ዙሪያ። ወለዱ የታለ?»

ጋሽ ፈቀደ መጽሐፉን ተቀብለው አገላበጡ። ሳቅ ለማለት ሞከሩና «እስቲ መምሪያው ላይ ክብን ያውጡ» አሉ። ክብ ደግሞ ወስዶ ወለድ ላይ ጣላቸው። የሄቨን እግር መወዛወዙን አቆመ።

«አይሆንም» አለች በቀስታ። «ቁጥሩ እኮ የሚመጣው ከእትዬ ኤቢሴ መጽሐፍ ነው።»

አሁን ልትናገር ነው፣ አሁን የኤቢሴ ጉድ ሊፈላ ነው። ሄቨን ግን አሰብ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች።

«የእሳቸው አይሳሳትም። የእኔ ነው። አንድ ቦታ ላይ አጥፍቻለሁ።»

«የኔ ልጅ» አሉ ወይዘሮ ዘነበወርቅ፣ ሳይቆጡ፤ አለመቆጣታቸው ባሰ። «መምህር ይሄን ይዞ ክፍል ሲገባ ልጆች ፊት ነው የሚዋረደው። ሁለት ቦታ እንዲህ ከሆነ ሌላውን በምን ላምን? ሲስተካከል ትጠሩኛላችሁ።» ቦርሳቸውን አነሡ።

ጋሽ ፈቀደ እስከ ታች ሸኝተዋቸው ሲመለሱ ከረባታቸው ተፈትቶ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ሄቨንን «ሄቨንዬ» አላሏትም።

«ሄቨን፣ ዛሬ ቢሮው ሳይዘጋ ስህተቱን አግኝተሽ ታሳዪኛለሽ። ካላገኘሽው ሰኞ አትምጪ።» ከዚያ ወደ ኤቢሴ ዞሩ። «ኤቢሴ፣ ከዛሬ ጀምሮ ኃላፊዋ አንቺ ነሽ። ሁሉንም ያዢው፣ የእሷንም ጭምር። ከኮምፒውተሩም ከሰውም፣ ቁጥር የማይስትሽ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ያ ቃል! ይኸው ተመልሶ መጣ። እና ምን ተሰማት? እውነቱን እንናገር፤ ደስ አላት። አንድ ትንፋሽ ለሚያህል ጊዜ ደስ ብሏት ፊቷ ሁሉ ሞቀ። ከዚያ ሄቨን ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ መምሪያውን ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ ማንበብ ስትጀምር ደስታው በረደ። ልጅቷ ስህተቱን በሌለበት ቦታ እየፈለገችው ነው። ስትፈልግ ብትከርም አታገኘውም።

ኤቢሴ ሥራ የምትሠራ መስላ ቆየች። ሄቨን አትነሣም፣ ውኃ አትጠጣም። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ አንዳንዴ አፍንጫዋን በመዳፏ ጥርግ ታደርግና ትቀጥላለች። የኮፒ ቤቱ ማሽን ከታች እየጮኸ፣ ውጪ ወያላዎቹ «አስኮ! አስኮ!» እያሉ፣ ቀኑ ወደ ማምሻው ሄደ። በመጨረሻ ኤቢሴ አልቻለችም። ኃላፊ ናትና ወንበሯን ወስዳ ከሄቨን ጎን አስቀመጠች። የልጅቷን ፋይል ከፍታ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው፤ ሐሙስ እንኳ ያሰናዳችው ውስጡን ሳታይ ነበር፤ እስከ ዛሬ ኩራቷ አላስጠጋትም ነበር።

አየችና ግራ ገባት። ከእሷ መጽሐፍ የሚመጣ ስም ሁሉ ከፊቱ አንድ ቃል ተጽፎበታል። «አለቃ፡ወለድ»። «አለቃ፡ክብ»። «አለቃ፡ክፍልፋይ»። ወረድ ብትል አለቃ፣ ከፍ ብትል አለቃ። መምሪያው ከዳር እስከ ዳር አለቃ ነው።

«ይሄ ምንድነው?» አለች ፊቷን ቅጭም አድርጋ። «እያሾፍሽብኝ ነው?»

ሄቨን ኤቢሴ ምን እንዳየች ያን ጊዜ ነው የገባት። ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «ውይ! አይ፣ እትዬ ኤቢሴ፣ ማሾፍ አይደለም። ሁለቱም መጽሐፍ የጋራውን ፋይል ስለሚያነቡ ጥያቄዎቹ እዚህም እዚያም ያላቸው ስም አንድ ነው። ከእርስዎ የሚመጣውን ከእኔው ለመለየት ከፊቱ አንድ ቃል ማስቀደም ነበረብኝ። ሲታተም አይወጣም፤ ማንም አያየውም ብዬ ነው።»

«እና አለቃ?»

«ሌላ ምን ልበል? ቁጥሩ ሁሉ ከእርስዎ ነው። የእኔ መምሪያ እኮ የራሱ ቁጥር የለውም፤ የእርስዎ ያለውን ነው የሚለው።» ዓይኗን ወደ ስክሪኑ መለሰች። «ደግሞ ያን ቀን ጋሽ ፈቀደ በር ዘግተው የነገሩኝ ይሄንኑ ነው። ‹ኃላፊዋ ኤቢሴ ናት፤ አርብ እንግዳ ፊት ልነግራት ነው፤ ከእሷ ሥር መሥራት ቅር ይልሻል?› አሉኝ። እኔማ ሳቅሁ። ድሮም አለቃ ነው የምላቸው አልኳቸው። ስወጣ እንኳ ፊቴ እንዳያሳብቅብኝ አንገቴን ደፍቼ ነው ያለፍኩዎት።»

ወንበሩ የኤቢሴ ነበር። ሳትሰርቀውም የእሷ ነበር።

«አሁን እዚህ ምዕራፍ ውስጥ መሆን አለበት» አለች ሄቨን፣ ድምፅዋ እየቀጠነ። «ከእርስዎ የመጣውን ቁጥር አንድም ቀን ገልጬ አመሳክሬ አላውቅም። ከእርስዎ ከመጣ ልክ ነው ብዬ። ስለዚህ ስህተቱ ከእኔ ነው። አገኘዋለሁ። ማግኘት አለብኝ፣ ለእናቴ ሰኞ አልገባም ብዬ እንዴት እነግራታለሁ?»

«እዚያ አትፈልጊ» አለች ኤቢሴ።

«እ?»

«እዚያ የለም። ነይ።» የራሷን ኮምፒውተር ወደ ልጅቷ አዞረችው፤ ማንም ገብቶበት የማያውቀውን ፋይሏን ከፍታ።

ሄቨን ቀረብ አለች፤ ወረድ ወረድ አለችና ቆመች። ወዲያው! ኤቢሴ በዚያች ሰዓት እንኳ፣ ጉድ እኮ ነው፣ «እንዴት ቶሎ አገኘችው!» ብላ ቀናች። ቅናት ተይዞም አያፍርም።

«ወለድ» ክብ ላይ፣ «ክብ» ወለድ ላይ። አንድ ስም ብቻ ቢበላሽ ስህተት ነው ይባላል። ሁለት ስም ቦታ ሲለዋወጥ ግን የሰው እጅ አለበት። ይሄ ለሄቨን ሲገባት ከስክሪኑ ዞር ብላ ኤቢሴን አየቻት።

«አንቺ ነሽ?» አለች ሄቨን። እትዬ የለ፣ እርስዎ የለ።

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

ኤቢሴ ሰበብ ፈለገች። መጽሐፉ የራሴ ነው፣ ስም እያስተካከልኩ ነበር፣ ደክሞኝ ነበር፤ ሁሉም አፏ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

«ቀናሁ» አለች። «ቀናሁብሽ። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ሄቨን አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። ያን ጊዜ ብትስቅ ኖሮ ኤቢሴ ያን ሳቅ ምንኛ በወደደችው! ጋሽ ፈቀደ ከክፍላቸው ሆነው «ሄቨን! አገኘሽው?» ብለው ተጣሩ።

«እኔ እነግራቸዋለሁ» ብላ ኤቢሴ ብድግ አለች።

«መጀመሪያ አስተካክዪው» አለች ሄቨን፣ ሳታያት። «የአንቺ ሳይስተካከል የእኔ አይስተካከልም።»

ኤቢሴ ተመልሳ ተቀመጠች። ስሞቹን ወደየቦታቸው መለሰች፤ መጽሐፏን አሰናዳች። «ጨርሷል» አለች። ሄቨን ወደ ራሷ ኮምፒውተር ዞራ ነበር። መምሪያውን ከማሰናዳቷ በፊት ግን አንዲት ትንሽ ሳጥን ከፈተች። ከላይ «አለቃ» ብላ ጻፈች። ከታች «ተማሪ» ብላ ጻፈች፤ የተማሪው መጽሐፍ ማለቷ ነው። ከዚያ «ሁሉንም ተካ» የሚለውን ተጫነች።

ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው አለቃ የሚል ቃል አንድም አልቀረም። ኤቢሴ ከኋላዋ ቆማ አየች።

መምሪያው ተሰናዳ። ሄቨን ወለድን አወጣች፤ ልክ ነበር። ክብን አወጣች፤ ልክ ነበር። አሁን ግን የተማሪውን መጽሐፍ ከጎኗ ዘርግታ እያንዳንዱን ቁጥር በጣቷ እየተከተለች ታመሳክር ጀመር።

ኤቢሴ ቀሚሷን አስተካክላ ወደ ጋሽ ፈቀደ ክፍል ሄደች። በሩ እንደ ወትሮው ክፍት ነበር። ገባችና ከኋላዋ ዘጋችው።